ደጅ ያደረ እንቆቅልሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ ምሽት ከመጨረሻዋ ልጄ ጋር ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ልጆች በየተራ ወደ መድረክ እየወጡ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይቀልዳሉ። ከፊታቸው ሦስት ዳኞች ተደርድረዋል። አንዱ ያሞግሳል፤ ሌላው ይተቻል፤ ሦስተኛዋ «ጎበዝ ነህ፣ ግን…» ትላለች። ከዚያ ነጥብ ይሰጣል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ነጥቡ ሲነገረው ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካሜራው እንባው አገጩ ላይ እስኪደርስ ድረስ አልተወውም።

ልጄ ዞር አለችና፣ «አባዬ፣ አንተ ስንት ነጥብ ነበር ያገኘኸው?» አለችኝ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለአንባቢ ማስረዳት አለብኝ። እኔ በልጅነቴ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «የልጆች ጊዜ» ላይ ቀርቤ እንቆቅልሽ ጠይቄ አውቃለሁ። ጠቅላላው ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ግን ከዚያች ሁለት ደቂቃ አርባ ዓመት ሙሉ በልቼባታለሁ ማለት ይቻላል። እንግዳ ሲመጣ ትነሣለች፤ በሠርግ ቤት ትነሣለች፤ ልጆቼ በቃላቸው ያውቋታል።

«እኛ ጊዜ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም» አልኳት።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

መቼስ ልጅ ሲጠይቅ አያዝንም። «ማንም» ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ማን እንዳሸነፈ አሳምሬ አውቃለሁ። ማን እንደተሸነፈም እንደዚሁ። እስካሁን ሳወራት በኖርኩት ታሪክ ውስጥ ግን ሁለተኛው ሰው ኖሮ አያውቅም። ዛሬ እሱን ጨምሬ ላውራው።

*

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። የልጆች ፕሮግራምም ጣቢያው ገና ዳዴ ሲል አብሮ ተወለደ። ይህን ፕሮግራም ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ልጅ ሲያጫውቱ የኖሩት አባባ ተስፋዬ ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ። በ1915 ዓ.ም በባሌ፣ ከዱ በምትባል ቦታ ተወለዱ። ልጆች እንደ አያት ብቻ ያውቋቸው እንጂ እሳቸው አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች ለማዝናናት እስከ ኮሪያ ተጉዘዋል። ይዘፍናሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ምትሀት ያሳያሉ።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። እኛ የምናውቀው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ነው። እሳቸው ይህችን ሲሉ በየቤቱ ያለ ልጅ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ!» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ሆነው የማይሰሙን መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሉናል። አበባ ተብለን በማናውቅበት ሠፈር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፕሮግራሙ ዛሬ «የተሰጥኦ ውድድር» የምንለውን ነገር በራሱ መንገድ ነበረው። ተረት የሚያውቅ ተረት ይነግራል፤ መዝሙር የሚያውቅ ይዘምራል፤ ቀልድ ያለው ይቀልዳል። የሚቀድም የለም፤ የሚወድቅ የለም። እንቆቅልሽን ያህል ውድድር እንኳን የሚያበቃው በቅጣት ሳይሆን በስጦታ ነው። ጨዋታውን የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ባስታውሰው አይከፋም። ጠያቂው «እንቆቅልህ?» ይላል። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱን ካጣው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተጠያቂው «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። የተሰጠው አገር ካልጣመው «አልፈልግም፣ ሌላ» ይላል። ሲጥመው ተቀብሎ፣ እዚያ አገር ገብቶ የበላውን የጠጣውን ይደረድርና በመጨረሻ መልሱን ይነግራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያላወቀ ሰው አገር የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። እኛ ድሃ ልጆች ስንት ጊዜ ሐረርን ሰጥተን፣ ስንት ጊዜ ጅማን ተቀብለን እንደገባን እግዜር ይወቀው።

*

ሠፈራችን ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ሲሠሩ «ኢንቺስ» ይባል ከነበረው የቤት ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። የሹማምንቱ ቪላዎች ወዲያ ናቸው፤ እኛ ወዲህ፣ ከታች፣ ጭቃ ቤት ከጭቃ ቤት ተደግፎ በቆመበት መንደር ነበርን።

በ1978 ዓ.ም እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቴሌቪዥኑ ባለቀለም ከሆነ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እሱም ለከተማው ነው እንጂ ለኛ መንደር አልደረሰም። በመንደራችን ያለችው አንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ናት። ባለቤቷ እትዬ እንላቸው የነበሩ ደግ ሴት ናቸው። ቴሌቪዥኗ በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትኖራለች፤ በላይዋ ዳንቴል ለብሳለች። የልጆች ጊዜ ሲደርስ ከሜዳው ልጅ ይጠፋል፤ ኳሷ ብቻዋን ትቀራለች። እትዬ በራፉ ላይ ውኃ በባልዲ ያስቀምጣሉ። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። የታጠበ ገብቶ ወለሉ ላይ ይደረደራል።

ታዲያ አንድ ችግር ነበር። አንቴናዋ ጓሮ በቆመ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ የታሰረች ናት። ምሰሶው ደግሞ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይዞራል። ያን ጊዜ ምስሉ ሩዝ የተበተነበት ይመስላል። አንድ ሰው ወጥቶ ምሰሶውን ይዞ ማዞር አለበት። ከውስጥ «ትንሽ ወደ ግራ! አለፍክ! መልሰው! እሱ ላይ! በቃ እንዳትነካው!» ይባላል። ልቀቀው ሲሉት ሩዙ ይመለሳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሰው ጓሮ ቆሞ ምሰሶውን መያዝ ነበረበት።

ያ ሰው ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አላስፈቀድኩትም። እናቱ በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ የሚያሳድጉት ልጅ ነበር። እሱ እንዲይዝ ማን እንደወሰነ አላስታውስም። ማንም አልወሰነም ይመስለኛል። አንድ ቀን ያዘ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁላችንም የሱ ሥራ እንደሆነ አወቅን። እትዬ አንድ ሁለት ጊዜ «እሱም ይግባና ተፈራረቁ እንጂ» ብለውናል። እኛ እሺ እንላለን፤ የአባባ ተስፋዬ ድምፅ ሲመጣ ግን የሚነሣ የለም። እኔም ተነሥቼ አላውቅም።

ከጓሮው በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። ምስሉን አታሳየውም፤ ድምፁን ግን ታሰማዋለች። እሱ «የልጆች ጊዜ»ን እንደ ሬዲዮ ነበር የሚከታተለው። ምናልባትም ከሁላችን ይልቅ ተረቱን አጥርቶ የያዘው ለዚህ ይሆናል። ሲያልቅ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እሱ ያልታየውን እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔ የረሳሁትን እሱ ያስታውሰኛል።

አንድ ምሽት እንደዚሁ ተቀምጠን ሳለ፣ «እንቆቅልህ?» አለኝ።

«ምን አውቅልህ።»

«አገሩን ሁሉ ቤት ያስገባል፣ እሱ ግን ደጅ ያድራል።»

በር አልኩ፤ አይደለም። ዘበኛ አልኩ፤ አይደለም። መንገድ አልኩ፤ አይደለም። አገር ስጠኝ አለኝ። ጎንደርን ሰጠሁት፤ አልፈለገም። ሐረርን ሰጠሁት፤ አልፈለገም። ባሕር ያለበት ይሁንልኝ አለ። ምጽዋን ሰጠሁት። ምጽዋ ገብቶ፣ ባሕሩን ዋኝቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ በመርከብ ላይ ተኝቶ ሲያበቃ ጣቱን ወደ ምሰሶው ጫፍ ቀሰረ።

«አንቴና!»

ሳቅን። ከየት ሰማኸው ብለው፣ «እኔ ነኝ ያወጣሁት። እዚያ ቆሜ ሳስብ መጣልኝ» አለኝ። እንቆቅልሽ ሰው ያወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንደ ድንጋይና እንደ ዛፍ ድሮም የነበረ ነገር ይመስለኝ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ ትምህርት ቤታችን ለቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ልጆች ሊልክ ነው ተባለ። መምህራችን ከክፍላችን አንድ ልጅ እንደሚመረጥ ነገሩን። ሁላችንም የምናውቀውን ይዘን በማግስቱ ጠዋት እንድንቀርብ ታዘዝን። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ለሦስት ጊዜ ያህል «አንቴናዋን ነው የማቀርባት» አለኝ። እኔ መዝሙር ልዘምር ነበር ሐሳቤ።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ በር ላይ አይቼው አልፌ ነበር። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ገብቷል ተብሎ ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ተይዟል። የዚያን ዘመን የስኳር ሰልፍ የቆመ ያውቀዋል። እናቱ ሥራ ስለነበራቸው የቤቱን ካርድ ይዞ የቆመው እሱ ነው። «ለመምህሩ እንደምመጣ ንገርልኝ» ብሎኝ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ አልነገርኩም።

ተራዬ ደረሰና ወደ ፊት ወጣሁ። ከኔ በፊት የወጡት ሦስት ልጆች እኔ ያሰብኩትን መዝሙር ዘምረውታል። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ክፍሉ ያዛጋል። እኔም አፌን ስከፍት የወጣችው እንቆቅልሿ ናት። ክፍሉ ዝም አለ። በር ተባለ፣ መንገድ ተባለ፣ ሬዲዮ ተባለ። «አንቴና» ስል ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። መምህሩ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ይህችን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኝ ያወጣሁት።»

ይህን ስል ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካርዱን ገና በእጁ እንደያዘ ነው። መቼ እንደደረሰ አላውቅም፤ ከፊቱ እንዳየሁት ግን ደርሶ ሰምቷል። መምህሩ ስለማርፈዱ ተቆጡትና፣ «ለመሆኑ አንተስ ምን ይዘሃል?» አሉት። እኔን አየኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ምንም» አለ።

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ «የኔ ነች» ቢል እጣላው ነበር፤ ጮኬም እክደው ነበር። እሱ ግን አላለም። ዝም ስላለ ለመካድ እንኳን ዕድል አላገኘሁም።

*

የስቱዲዮውን ቀን ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ የምጀምረው እናቴ ዩኒፎርሜን በከሰል ካውያ ስትተኩስ፣ ፊቴንም በቫዝሊን ስታወዛ ነው። ሰው ይስቃል። ከዚያ የመብራቱን ሙቀት አወራለሁ። በርግጥም ይሞቃል፤ ቫዝሊኑ ቀልጦ አንገቴ ድረስ ወርዷል። አባባ ተስፋዬን ግን ፈርቼ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በቴሌቪዥን ስንት ዓመት ያየኋቸውን ሰው አጠገባቸው ተቀምጬ ያላየኋቸው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንቆቅልሿን ጠየቅሁ። ከልጆቹ ማንም አላወቀም። «አገር ስጡኝ» አልኩ። አንዲት ልጅ አዋሳን ሰጠችኝ። ልምረጥ፣ ላማርጥ ሳልል ተቀበልኩና መልሱን ነገርኩ። ተሳቀ፤ ተጨበጨበ። አለቀ። ፕሮግራሙ የተላለፈው ከተቀረጸ ከቀናት በኋላ ነው።

ያን ቀን የእትዬ ቤት ልጅ ብቻ ሳይሆን አዋቂም ሞልቶታል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ነፋስ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀምር ምስሉ ሩዝ በሩዝ ሆነ። «ያዘው! ያዘው እንጂ! ዛሬ እኮ የኛ ልጅ ነው የሚቀርበው!» ተብሎ በመስኮቷ ተጮኸ። ሩዙ ጠፋ። እኔ ስቀርብ ምስሉ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። የእንጨቱን ልጥ በሁለት እጁ ጨብጦ ሲይዝ በዓይኔ ባላየውም ይታየኛል።

እናቴ እልል አለች። ከሳጥኑ ውስጥ ያለሁት እኔ «አንቴና!» ስል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መስኮቷ ዞረ። አንዱ፣ «ይኸውላችሁ አንቴናችን!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ በሠፈሩ ስሙ አንቴና ሆነ። የራሱን እንቆቅልሽ ቀማሁት ስል፣ ቅጽል ስም አድርጌ መለስኩለት።

ሲያልቅ ወጣሁ። እጁን ከምሰሶው እያላቀቀ ነበር። «በደንብ ታየህ?» አለኝ።

በአማርኛችን ይህች ቃል ሁለት ፊት አላት። «ምስሉ ጠርቶ ታየህ ወይ?» ማለትም ናት፤ «አንተ በሰው ፊት በደንብ ታየህ ወይ?» ማለትም ናት። የትኛውን እንዳለኝ ያን ጊዜም አላወቅሁም። «አዎ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አጥሩ ሥር አብረን አልተቀመጥንም። ጠብ አልነበረም። ሰላምታም አልተቋረጠም። ብቻ ቀረ።

*

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ከሠፈሩ ወጣሁ። አባባ ተስፋዬ በ1998 ዓ.ም ከፕሮግራሙ ተለዩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ በመሥሪያ ቤታችን ሽበታም ሹማምንት ሳይቀሩ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» እያሉ ሲያስታውሷቸው ዋሉ። እኔም ታሪኬን አወራሁ። «ራስህ ነህ ያወጣሃት?» አለችኝ አንዷ። «ልጅ ሆኜ» አልኩ። ውሸት እንዳይሆን አድርጌ መዋሸት የቻልኩበት ዕድሜ ላይ ደርሼ ነበር።

ራሴን የማጽናናበት ምክንያት አላጣሁም። ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽም ቢሆን፣ ባለቤት የለውም እላለሁ። ሁሉም ከሁሉም የሰማው ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ የኔን ጉዳይ ግን አይነካም። ያቺ እንቆቅልሽ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት አይደለችም። ዕድሜዋ ጥቂት ሳምንት ነበር፤ አባቷንም አውቀዋለሁ።

በአንድ ወቅት ስለ ጣሊያኖች የልጆች የመዝሙር ውድድር ሳነብ ይህ ነገር ተነሣብኝ። «ዜኪኖ ዶሮ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በቴሌቪዥናቸው ሲተላለፍ የኖረ ነው። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሽልማቱ የሚሰጠው ለዘፋኙ ልጅ ሳይሆን ለዘፈኑ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ ተሸነፍኩ ብሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያሰቡት ብልሃት ነው ይመስለኛል። ጥሩ ብልሃት ነው። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር ታሰበኝ። በዚህ ደንብ ቢሆን ያን ቀን የሚጨበጨበው ለእንቆቅልሿ ነበር። ቀጥሎም «የማን ናት?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

*

በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ፈረሰች። እኅቴ እስከ መጨረሻው እዚያው ነበረች፤ ዕቃዋን ላወጣላት ሄድኩ። የዚያኑ ዕለት የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው ድስቱንና ወንበሩን፣ ድንኳኑንም ይከፋፈላሉ። ከመካከላቸው አንድ ጠጉሩ የሸሸ ወፍራም ሰው ወንበር ይቆጥራል። ሳየው ወዲያው አወቅሁት። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። እሱም ጋራዥ ከፍቶ ሌላ ሠፈር ይኖራል። የዕድሩን መዋጮ ግን አንድ ወር እንኳን አቋርጦ አያውቅም አሉኝ። እኔ ከሠፈሩ በወጣሁ በዓመቱ ነው ያቋረጥኩት።

ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን። የእትዬ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ፣ ፍርስራሹ ላይ ተቀመጥን። ምሰሶው ከጠፋ ዘመን የለውም። ዙሪያውን ስናይ ቆየንና በድንገት ልቤ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት።

«ያችን እንቆቅልሽ… ያን ቀን ትምህርት ቤት…»

«እ?»

«ያንተ እንደነበረች ለማንም አልተናገርኩም። እስከዛሬ።»

አልደነገጠም። ከጫማው ላይ አቧራውን እያራገፈ፣ «እሱንማ አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እኔን ያናደደኝ እሱ አይደለም። አበላሽተህ ነው የጠየቅካት» አለኝ።

«እንዴት?»

«ያን ምሽት በመስኮቷ እየሰማሁህ እኮ ነው። ‹እሱ ግን ደጅ ይቀራል› አልክ። እኔ መቼ ይቀራል አልኩህ? ‹ደጅ ያድራል› ነው ያልኩህ።»

«ምን ልዩነት አለው?» አልኩት፤ በእውነት ስላልገባኝ።

«ደጅ ያደረ ሲነጋ ይገባል፤ የቀረ ግን ቀረ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። የመኪና ብሎን ያለቦታው ገብቶ ያየ መካኒክ እንደሚያስረዳ ነው ያስረዳኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ስህተት ነበር የሚያርመው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ቃሉ ግን ከነገሩ አነሰብኝ። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጓሮ ቆሞ ስለ ራሱ ያሰበው ነገር ውስጥ የነበረችውን ተስፋ፣ ሳላውቀው በአንዲት ግሥ ነቅዬ ጥዬበታለሁ። እሱ እየሰማ። ያውም እኔ እንድታይ ምሰሶውን እንደያዘ።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ» አልኩት። «አገር ልስጥህ።»

ፈገግ አለ። «ማንን ልትሰጠኝ?»

ዙሪያዬን አየሁና፣ «ካዛንቺስን ሰጠሁህ» አልኩት።

ሳቁ ከሆዱ መጣ። «አንተ የምትሰጠው አገር እኮ አይበረክትም!» አለኝ። «ያን ጊዜ ምጽዋን ሰጠኸኝ፤ ሄደች። አሁን ደግሞ ካዛንቺስን ትሰጠኛለህ፤ ይኸው ፈርሳለች። ተወኝ ወንድሜ፣ ባላወቅህ ቁጥር አገር እያጠፋህ ነው!»

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ዕድርተኞቹ ዞረው አዩን። ስልክ ተለዋወጥን፤ ወንበሩን አብረን ቆጥረን ጫንን።

*

እንግዲህ ልጄ ያን ምሽት «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ስትለኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ምሰሶውንም፣ የስኳሩንም ሰልፍ፣ በሩ ላይ የቆመውንም ልጅ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሳበቃ የተቆጣችኝም ያዘነችልኝም አልመሰለኝም። እንቆቅልሿን ንገረኝ አለች።

ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት። ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። «ልጄ እንቆቅልሽ ካልሰማሁ ብላለች፤ ባለቤቱ ይጠይቃት ብዬ ነው» አልኩት። መዶሻው ጸጥ እንዲል ጮኾ ሲናገር ሰማሁት። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።

እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እንዳስጠናኋት፣ «ምን አውቅልህ» አለች።